አይፕሳስ መጣ እየተባለ ነው፤ የወረዳችንን ትምህርት ቤት በስንት ብር ልመዝግበው?

የቱሉዲምቱ ሒሳብ (ክሩን የከፈተ)

ሰላም ለመድረኩ ሰዎች። ከተማ ዳር ባለ አንድ ወረዳ ፋይናንስ ፑል ውስጥ ነው የምሠራው። ቱሉ ዲምቱን አልፎ፣ አስፋልቱ አልቆ ባጃጅ የሚረከብበት አካባቢ። ትምህርት ቤቶቹ፣ ጤና ጣቢያው፣ ወጣት ማዕከሉ፣ የሁሉም ደሞዝና ግዢ በእኛ በኩል ነው የሚያልፈው።

ሰሞኑን ለሥልጠና ጠሩን። ስለ አይፕሳስ ነው፤ ለመንግሥት ተቋማት የወጣው ዓለም አቀፍ የሂሳብ አያያዝ ደረጃ ማለት ነው። አሠልጣኙ ጎበዝ ነበር፣ ስላይዱም ያምራል። ስንወጣ ግን ፎርም አስያዙን፦ የወረዳውን ቋሚ ንብረት በሙሉ ከነዋጋው ሞልታችሁ አምጡ።

እኛ እስከ ዛሬ የምንሠራው በሞዲፋይድ ካሽ ነው። ገንዘቡ ሲወጣ ወጪ፣ ሲገባ ገቢ። ደሞዝና የሰኔ መዝጊያ ተከፋዮች ብቻ ትንሽ ለየት ይላሉ። ደሞዝ በኮድ 6111፣ ውሎ አበል በኮድ 6231፣ ከበጀቱ ይቀነሳል፣ በቃ። አንድ ብሎክ መማሪያ ክፍል ሲሠራ በዚያ ዓመት የካፒታል ወጪ ሆኖ ይመዘገባል። ሰኔ 30 ይዘጋል። ሐምሌ 1 ጠዋት ያ ብሎክ በሂሳብ መዝገባችን ውስጥ የለም። ልጆቹ ግን እዚያው ተቀምጠው ይማራሉ።

አሁን ችግሬን ልንገራችሁ። አንደኛው ትምህርት ቤት በደርግ ጊዜ በሕዝብ መዋጮ ነው የተሠራው ይባላል፤ ደረሰኝ የሚባል ነገር የለም። ከጎኑ ያለውን ብሎክ አንድ ለጋሽ ድርጅት ሠርቶ ነው የሰጠን፤ ሪባን ሲቆረጥ የተነሳ ፎቶ አለ፣ የዋጋ ሰነድ ግን አላገኘሁም። ጤና ጣቢያውን ሌላ ቢሮ አስገንብቶ ቁልፍ አስረከበን። ኮብልስቶኑስ? የመንገድ መብራቱስ? መሬቱስ? አንድ ኃላፊ "ገምተህ ጻፍ፣ ማን ያየዋል" አለኝ። እኔ ደግሞ ፊርማዬ ባለበት ወረቀት ላይ ዝም ብዬ ቁጥር አልጥልም።

ሌላም ጥያቄ አለኝ። ይሄን ደረጃ ለእኛ አገር መንግሥት የሚያወጣው ማነው? ገንዘብ ሚኒስቴር ነው? የሂሳብ አያያዝና ኦዲት ቦርዱ ነው? ወይስ ከውጭ የመጣውን እንዳለ መውሰድ ነው? የሚያውቅ ይንገረኝ።

ሞዴል 19

ወንድሜ፣ እንኳን ዋጋው ብዛቱስ ይታወቃል ወይ? እኔ ንብረት ክፍል ነኝ፣ በሌላኛው የከተማው ጫፍ፣ ወደ አራብሳ። ዕቃ ሲገባ ሞዴል 19 እቆርጣለሁ፣ ሲወጣ ሞዴል 22። እስከዚህ ድረስ ንጹሕ ነው። ከዚያ በኋላ ዕቃው እግር ያወጣል። ለስብሰባ ተብሎ ከትምህርት ቤት የተወሰደ ወንበር እዚያው አዳራሽ ቀረ። ላፕቶፑን የፈረመው ሰውዬ ሌላ ክፍለ ከተማ ተዛወረ፤ እሱ ለተተኪው አስረከብኩ ይላል፣ ተተኪው አልተረከብኩም ይላል።

የተበላሸው ደግሞ ኮንቴይነር ውስጥ ተከምሯል። ለማስወገድ ኮሚቴ ይቋቋማል፣ ኮሚቴው ሳይሰበሰብ አባላቱ ይቀየራሉ፣ እንደገና ይቋቋማል። ስለዚህ ካርዱ ላይ አርባ ኮምፒውተር አለ፣ የሚሠራው ግን ከግማሽ በታች ነው። ይሄን ወደ አይፕሳስ ስታስገባው የሞተ ኮምፒውተር ሀብት ተብሎ ይጻፋል ማለት ነው?

ጥሬ ብር

ሁሌም እንዲህ ነው። ፈረንጅ አንድ ነገር ያወጣል፣ እኛ ሥልጠና እንቀመጣለን። መንግሥት እኮ ሱቅ አይደለም። ትርፍና ኪሳራ የለውም። የመንገድ ዲፕሪሲዬሽን (የእርጅና ቅናሽ) አስልተህ ምን ልታደርገው ነው? መንገዱን አትሸጠው። የትምህርት ቤቱን ዋጋ ማወቅህ ለተማሪው አንድ ጠመኔ አይጨምርለትም። የጀርመን ፌዴራል መንግሥት እስከ ዛሬ በካሽ ነው ሂሳብ የሚይዘው፣ ደግሞም እኛን የሚረዳ አገር ነው። በካሽ ስንሠራ ቢያንስ ብሩ ባንክ አለ ወይም የለም፣ ስቴትመንት አውጥተህ ታመሳክራለህ። አክሩዋል፣ ማለትም ብሩ ሲከፈል ሳይሆን ዕዳው ወይም ገቢው ሲፈጠር የሚመዘግበው አያያዝ ሲመጣ ግምት ይበዛል። ግምት በበዛበት ደግሞ ሌላም ነገር ይበዛል። ይግባችሁ።

ቀይ እስክሪብቶ

ጥሬ ብር፣ የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገርህ ላይ እስማማለሁ፣ በቀረው ላይ ግን ልከራከርህ ነው። ኦዲት ላይ ነው የምሠራው፤ የት መሥሪያ ቤት እንደሆነ አትጠይቁኝ።

በካሽ መዝገብ ያልተከፈለ ነገር አይታይም። ኮንትራክተሩ ሥራውን ሠራ፣ የክፍያ ሰርተፍኬቱን አስገባ፣ በጀት አልቋል ተባለና ወደሚቀጥለው ዓመት ተላለፈ። ዕዳው የተጻፈው በኮንትራክተሩ ደብተር ላይ ብቻ ነው። በእኛ ሪፖርት ያ መሥሪያ ቤት በበጀቱ የተጠቀመ፣ ምንም ያላጠፋ ሆኖ ይወጣል። አዲሱ ኃላፊ ሐምሌ ላይ ሲመጣ ገና ሥራ ሳይጀምር በጀቱ ግማሹ ያለፈው ዓመት ዕዳ ነው። ይሄን ያላየ የወረዳ ሒሳብ ሠራተኛ ካለ እጁን ያውጣ።

ወደ ላይ ስትወጣ ነገሩ ይገዝፋል። የመንግሥት ልማት ድርጅቶች ከንግድ ባንክ ለዓመታት ሲበደሩ ኖሩ። ብድሩ በድርጅቶቹ ስም ነው፣ ኋላ መክፈል ቢያቅታቸው ግን ተጠሪው መንግሥት ነው። ገንዘብ ሚኒስቴር የዕዳ መግለጫ ያወጣል፣ እዚያ ላይ የድርጅቶቹም ዕዳ ይወጣል፣ ይሄን አልክድም። ዓመታዊው የመንግሥት ሂሳብ ላይ ግን ዋስትናው ምን ያህል አደጋ እንዳለው የሚናገር መስመር አልነበረም። በ2013 የዕዳና ሀብት አስተዳደር ኮርፖሬሽን ተቋቁሞ የድርጅቶቹን ዕዳ ተረከበ። በ2017 ደግሞ ፓርላማው ለንግድ ባንክ ወደ 900 ቢሊዮን ብር የሚጠጋ የመንግሥት ቦንድ የሚፈቅድ አዋጅ አጸደቀ። አክሩዋል ቢኖር ዕዳው ይቀር ነበር አልልም። ግን አይፕሳስ 19 ለዋስትናና ለአጠራጣሪ ዕዳ መስፈርት አለው፤ የመክፈል ዕድሉ ሲያመዝን መመዝገብ፣ ካላመዘነ ደግሞ በማብራሪያ መግለጽ ግድ ነው። ምክር ቤቱ አደጋው በየዓመቱ ሲያድግ ያየው ነበር።

ስለዚህ "መንግሥት ሱቅ አይደለም" የሚለው ትክክል ነው። ሱቅ ሲከስር ባለቤቱ ብቻ ነው የሚከስረው።

የካ አባዶ

እኔ ከበጎ አድራጎት ወገን ነኝ፣ እንዲህ ዓይነት ክር ሳይ ፈገግ የምለው ለዚህ ነው። የፋይናንስ ሪፖርት አዋጁ፣ ቁጥር 847/2006፣ ባንኮችንና ትልልቅ ድርጅቶችን ወደ አይኤፍአርኤስ (ለንግድ ድርጅቶች የወጣው ዓለም አቀፍ ደረጃ) ሲያስገባ እኛን በጎ አድራጎቶችን ደግሞ አይፕሳስ ተጠቀሙ አለን። ስሙ የመንግሥት ሴክተር ደረጃ ነው። ቀድመን የገባንበት ግን ሦስት ክፍል ቢሮ ያለን እኛ ነን። መንግሥት ራሱ ገና ሥልጠና ላይ ነው።

ለቱሉዲምቱ ሒሳብ ልምዴን ልንገርህ። ደረጃውን ማንበብ ቀላሉ ሥራ ነው። የሚገድለው የመክፈቻ ባላንስ ነው። ቤት ስትቀይር ዕቃህን ጭነህ ስታወርድ ነው ምን እንዳለህ የምታውቀው፣ ይሄም እንደዚያው ነው። ለጋሽ የሰጠን መኪና በማን ስም እንደሆነ ያወቅነው ያኔ ነው።

ስለ ዋጋ ሰነድ የጠየቅከው መልስ አለው። አይፕሳስ 33 የሚባለው ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ አክሩዋል ለሚገቡ የወጣ ነው። የግዢ ወይም የግንባታ ዋጋ በአስተማማኝ ሰነድ ካልተገኘ በመነሻው ቀን ያለውን ተገቢ ዋጋ እንደ ወጪ ቆጥረህ መነሳት ትችላለህ፣ ዲምድ ኮስት ይሉታል። ለትምህርት ቤት የገበያ ዋጋ የሚባል የለም፤ ማን ገዝቶ ማን ሸጦ ያውቃል። ስለዚህ "ዛሬ እንደ አዲስ ቢሠራ ስንት ይፈጃል" ተብሎ በካሬ ይሰላል፣ ከዚያ ባረጀበት መጠን ይቀነሳል። ይሄ የሒሳብ ሠራተኛ ሥራ አይደለም። መሐንዲስ ይፈርምበታል። አንተ የምትፈርመው "በዚህ መሐንዲስ ግምት መሠረት" ብለህ ነው። ገምተህ ጻፍ ያለህ ሰው መሐንዲስ ካልሆነ እሱን ተወው።

ለጋሽ ሠርቶ የሰጣችሁ ብሎክ ደግሞ ነፃ ነው ተብሎ ዜሮ አይጻፍም። በተቀበላችሁበት ቀን በነበረው ዋጋ ነው የሚገባው። ለጋሹ ጋ ደውል፣ የፕሮጀክት መዝጊያ ሪፖርታቸው ላይ አለ።

የቱሉዲምቱ ሒሳብ

የካ አባዶ እግዜር ይስጥልኝ። ይሄን በአንድ አንቀጽ ቢነግሩን ያን ሁሉ ስላይድ ባላየን። የጤና ጣቢያውስ? እኛ እንጠቀማለን፣ ያሠራው ሌላ ነው።

ቀይ እስክሪብቶ

የተቆጣጠረው ይመዘግባል። ካርታው በማን ስም ነው የሚለው አንዱ ማስረጃ ነው፣ ግን ብቻውን አይወስንም። አገልግሎቱን የሚያዝዘው፣ የሚያድሰው፣ ማን ይግባ ማን ይውጣ የሚለው ማን ነው? ዋናው ጣጣ ሁለታችሁም እንዳትመዘግቡት ነው። ወይም ሁለታችሁም እንዳትተዉት። ከተማው ሂሳቡን ሲያጠቃልል አንድ ጤና ጣቢያ ሁለት ቦታ ተቆጥሮ ከተገኘ ያው ኦዲት ላይ ነው የሚወጣው። አሁኑኑ በደብዳቤ ጠይቁ። በስልክ አይሁን።

ጋሽ ሌጀር

ልጆቼ፣ ጡረታ ከወጣሁ ቆየሁ። ግን ሂሳብ ሲነሳ እጄን ያሳክከኛል።

እኔ የጀመርኩት በሲንግል ኢንትሪ ነው። ገቢና ወጪ በአንድ ወገን እየጻፍን። የመንግሥት ሂሳብ ለዓመታት ሳይዘጋ ይከርም ነበር፤ የዘንድሮውን በጀት ስታጸድቅ የቅርቡን ዓመት ትክክለኛ ወጪ የሚነግርህ አልነበረም። በ1988 የሲቪል ሰርቪስ ማሻሻያው መጣ፣ ከዚያም ዲኤስኤ የሚባለው ፕሮጀክት፣ ከሃርቫርድ ሰዎች ጋር። ያኔም እንደ ጥሬ ብር "ፈረንጅ ያመጣው" ያሉ ነበሩ። እኔም አንዱ ነበርኩ ብል ውሸት አይሆንም።

እንዴት እንደተሳካ ልንገራችሁ። በኮምፒውተር አልጀመሩም። መጀመሪያ ዳብል ኢንትሪን፣ እያንዳንዱን ሂሳብ በሁለት ወገን መጻፍን፣ በወረቀት አስተማሩን። አክሩዋልን አልነኩትም፤ ሞዲፋይድ ካሽ ይበቃችኋል አሉ። በጀቱንና ሂሳቡን በአንድ ዓይነት ኮድ አደረጉት፣ ያቺ 6111 የምትሏት ያን ጊዜ የመጣች ናት። ክልል በክልል፣ ወረዳ በወረዳ ሄዱ። አይቤክስ የሚባለው የበጀትና የሂሳብ ሶፍትዌር የመጣው ሰው በእጁ መሥራት ከቻለ በኋላ ነው። ወረዳ ላይ ያለችው ልጅ የባንክ ሂሳብ ማስታረቂያዋን በእርሳስ ሠርታ ነበር ወደ ማሽን የገባችው።

አሁን የሚያሳስበኝ ቅደም ተከተሉ ነው። ሶፍትዌሩ ቀድሞ ይገዛል፣ ሥልጠናው በሆቴል ይሰጣል፣ የሠለጠነው ልጅ በዓመቱ ባንክ ይቀጠራል። ወረዳ ላይ የሚቀረው ፎርሙ ነው።

ሞዴል 19

ጋሼ እንደርስዎ ያለ አለቃ ቢኖረኝ ኮንቴይነሩ ዛሬ ባዶ ነበር።

መምህር ዘአያት

ደረጃውን ማን ያወጣል የሚለው ሁለተኛው ጥያቄ ሳይመለስ እያለፈ ነው፣ ለእኔ ደግሞ ዋናው እሱ ነው። አካውንቲንግ አስተምራለሁ፣ ተማሪዎቼም ይሄንኑ ይጠይቁኛል።

አሁን ባለው ሁኔታ መንገዱ ሁለት ነው። ለድርጅቶችና ለበጎ አድራጎት በ847/2006 መሠረት የሂሳብ አያያዝና ኦዲት ቦርድ አለ። በጀት ከመንግሥት የሚያገኙ መሥሪያ ቤቶች ግን በፋይናንስ አስተዳደር አዋጁ፣ 648/2001፣ ነው የሚመሩት፤ የሂሳቡን መመሪያና ማኑዋል የሚያወጣው ገንዘብ ሚኒስቴር ነው። የተጠቃለለውን የመንግሥት ሂሳብ የሚያዘጋጀውም እሱ ነው። ልብ በሉ፣ ሚኒስቴሩን መውቀሴ አይደለም። የትኛውም መሥሪያ ቤት ቢሆን፣ ሪፖርቱን ራሱ አዘጋጅቶ ደንቡንም ራሱ ከጻፈ፣ የማይመቸው ነገር ሲመጣ ደንቡን ማላላት ይቀልለዋል። ዋና ኦዲተሩ የሚመረምረው ደግሞ በዚያው ደንብ መሠረት ነው። ደንቡ "ዋስትናን አትመዝግብ" ካለ ኦዲተሩ "ለምን አልመዘገብክም" ብሎ የሚይዝበት የለውም።

ሌሎች ይሄን እንዴት ፈቱት? አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. በ1990 ለፌዴራል መንግሥቱ ብቻ የሚሆን የሂሳብ ደረጃ አማካሪ ቦርድ አቋቋሙ። ያቋቋሙት ሦስት ናቸው፦ ግምጃ ቤቱ፣ የበጀት መሥሪያ ቤቱና የኮንግረሱ ዋና ኦዲተር። ገንዘብ ያዡም፣ በጀት ሰጪውም፣ መርማሪውም አንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጡ። ከዘጠኙ አባላት ስድስቱ ከመንግሥት ውጭ የሚመጡ ናቸው። አንድ ደረጃ ከመጽደቁ በፊት ረቂቁ ለሕዝብ ይወጣል፣ የፈለገ ሰው አስተያየት ይጽፋል፣ የተጻፈውም ይታተማል። እ.ኤ.አ. በ1999 የአገሪቱ የሂሳብ ባለሙያዎች ማኅበር እውቅና እስኪሰጠው ድረስ ዘጠኝ ዓመት ፈጅቷል። ኬንያ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2012 በወጣው የመንግሥት ፋይናንስ አስተዳደር ሕግ የራሷን የመንግሥት ሴክተር ሂሳብ ደረጃ ቦርድ አቋቋመች፤ ግምጃ ቤቱም የሙያ ማኅበሩም ተወካይ አላቸው። ኬንያ የራሷን ደረጃ ከባዶ አልጻፈችም፣ አይፕሳስን ነው የተቀበለችው። ቦርዱ የሚሠራው የሪፖርቱን ቅርጽ ማውጣት፣ የትኛው መቼ ይጀመር የሚለውን መወሰን ነው።

እኛም ከባዶ መጻፍ አያስፈልገንም። ግን የእኛ የሆኑ ጥያቄዎች አሉ፤ መሬት፣ ሊዝ፣ ኮንዶሚኒየም፣ የሕዝብ መዋጮ። እነዚህን ማን ይወስናል? የሚወስነው አካል ረቂቁን ለእንደ ቱሉዲምቱ ሒሳብ ላለ ሰው ያሳያል ወይስ ፎርም ብቻ ይልካል?

ጥሬ ብር

መምህር፣ የአሜሪካውን ካነሱ ይጨርሱት እንጂ። ቦርድ አላቸው፣ ደረጃ አላቸው፣ የአሜሪካ መንግሥት የተጠቃለለ ሂሳብ ግን እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ በየዓመቱ ኦዲተሩ "አስተያየት መስጠት አልቻልኩም" እያለ ነው የሚመልሰው። ዋናው ምክንያት መከላከያቸው ነው። ንብረቱን ቆጥሮ መጨረስ አልቻለም። ሞዴል 19 ያለችውን በዶላር አስቡት።

መምህር ዘአያት

ትክክል ነው። አንድ ነገር ልጨምርልህ፤ የባሕር ኃይል ወታደሮቻቸው ክፍል፣ ማሪን ኮርፕስ የሚባለው፣ እ.ኤ.አ. የ2023 በጀት ዓመት ሂሳቡ ነቀፌታ የሌለበት ሆኖ ወጣለት። ከመከላከያው ክንፎች የመጀመሪያው ነው። እንዴት ቻለ? መጋዘን ለመጋዘን እየዞሩ ቆጠሩ። ደረጃ ማውጣት አንድ ነገር ነው፣ ቆጠራው ሌላ፣ ያልከው ይሄንን ከሆነ ተስማምተናል። ግን ደረጃው ባይኖር ያ ሁሉ ንብረት እንዳልተቆጠረ ማን ያውቅ ነበር?

ጥሬ ብር

እሺ እሱን ልቀበል። ግን በጀቱስ? ፓርላማ የሚያጸድቀው በካሽ ነው። የወረዳ ምክር ቤትም እንደዚያው። ሪፖርቱ በአክሩዋል ቢመጣ ሁለቱ እንዴት ይገናኛሉ?

ቀይ እስክሪብቶ

አይፕሳስ 24 ለዚህ ነው ያለው። በጀቱ በካሽ ይቀጥላል። ከሪፖርቱ ጋር የበጀትና የአፈጻጸም ማነጻጸሪያ ይወጣል፣ ልዩነቱም ይታረቃል። ሥራው ይጨምራል፣ አልዋሽህም።

የቱሉዲምቱ ሒሳብ

ጥሬ ብር ያነሳው ነገር እኔንም ነው የሚያሳስበኝ። አለቃዬ የሚጠይቀኝ አንድ ጥያቄ ነው፦ "ስንት ቀረን?" ሰኔ ሲደርስ ደግሞ "እንዳይመለስብን ቶሎ ግዙ"። ባለፈው ሰኔ ለሦስት ዓመት የሚበቃ የፎቶ ኮፒ ወረቀትና ቶነር ገባ። በካሽ ሪፖርት ላይ መቶ ከመቶ አፈጻጸም ሆኖ ተጨበጨበልን።

ሞዴል 19

በአክሩዋልስ?

የካ አባዶ

በአክሩዋል ስቶር ውስጥ ያለው ወረቀት ወጪ አይደለም፣ ያለቀው ብቻ ነው ወጪ የሚሆነው። ሰኔ 30 ቆጠራ አድርገሽ የቀረው እንደ ሀብት ይቆማል። በሚቀጥለው ሰኔ ደግሞ ስትገዙ "ይሄ ሁሉ እያለ?" የሚል ጥያቄ ሪፖርቱ ላይ ይታያል። የሚያይ ካለ።

ባለ ሊዝ

እኔ ሒሳብ አላውቅም፣ ኮዬ ፈጬ አካባቢ ነዋሪ ነኝ፣ ግን መምህሩ ሊዝ ሲሉ ቆም አልኩ። የሊዝ ውዝፍ ያለበት ዘመድ አለኝ (እኔ አይደለሁም)። እና አሁን የሱ ዕዳ የመንግሥት ሀብት ተብሎ ሊመዘገብ ነው?

መምህር ዘአያት

ዘመድህን ሰላም በልልኝ። አዎ፣ ሊመዘገብ ነው። በሊዝ አዋጁ፣ 721/2004፣ ቦታ ያሸነፈ ሰው ቅድመ ክፍያ ይከፍላል፣ ዝቅተኛው 10 በመቶ ተብሎ ነው አዋጁ ላይ የተቀመጠው፣ ቀሪው በየዓመቱ። ለመኖሪያ 99 ዓመት፣ አዲስ አበባ ውስጥ ለንግድ 60 ዓመት። አሁን ባለው ሂሳብ መዝገብ ላይ የሚወጣው በዚያ ዓመት ባንክ የገባው ብር ብቻ ነው። ውዝፉ በሊዝ ክትትል ሰዎች መዝገብ ላይ አለ፣ በሂሳቡ ላይ ግን የለም። ከተማዋ በአጠቃላይ ስንት ብር እንደምትጠብቅ፣ ከዚያ ውስጥ ስንቱ እንደማይሰበሰብ፣ ከዓመታዊ ሂሳቡ ተነስተህ ማወቅ አትችልም። በአክሩዋል ተሰብሳቢው ይመዘገባል፣ አጠራጣሪው ተገምቶ ይቀነሳል።

መሬቱ ራሱ ከባድ ነው። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 ላይ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ይላል። እና የአገሪቱ መሬት በሙሉ ሀብት ተብሎ ይመዝገብ? በየትኛው መንግሥት መዝገብ ላይ? የፌዴራሉ? የክልሉ? የከተማው? የሊዝ ጨረታ ዋጋ ተወስዶ ቢባዛ የሚመጣው ቁጥር ዕዳውን ሁሉ ያስረሳል፤ ማንም ግን አይሸጠውም። እኔ ብጠየቅ መጀመሪያ ዙር ላይ በይዞታ ካርታ የተያዙትን የመንግሥት መሥሪያ ቤት ቦታዎች ብቻ በስፋት እመዘግባለሁ፣ የብር ዋጋውን እተወዋለሁ። አይፕሳስ 33 ለአንዳንድ ንብረቶች እስከ ሦስት ዓመት ፋታ ይሰጣል። በፋታው ጊዜ ግን "ሙሉ በሙሉ አይፕሳስን ተከትያለሁ" ብሎ መጻፍ አይፈቀድም። ይቺን ብዙ ሰው ይዘልላታል።

ባለ ሊዝ

ለዘመዴ እነግረዋለሁ። አልተደሰተም።

ሞዴል 19

አንድ ጥያቄ ብቻ። ያልተጠቀምኩበት የዓመት ፈቃድ ዕዳ ነው ሲባል ሰማሁ። እውነት ነው?

ቀይ እስክሪብቶ

እውነት ነው። አይፕሳስ 39። የተጠራቀመ ፈቃድሽ መሥሪያ ቤቱ ላይ ዕዳ ነው።

ሞዴል 19

ለአለቃዬ ስክሪንሹት አድርጌ ልኬለታለሁ 😄

ጋሽ ሌጀር

ቱሉዲምቱ፣ ወደ አንተ ጉዳይ ልመለስ። ላይ ያሉት ቦርዱንም አዋጁንም ይጨቃጨቁበት፣ ጥሩ ነው። አንተ ግን ሁለቱን ሥራ አትደባልቅ። ቆጠራ ሌላ፣ ዋጋ ሌላ። በመጀመሪያው ዙር ብዛት፣ ቦታ፣ ሁኔታ፣ ማን ፈርሞ እንደያዘው ብቻ ጻፍ። የሚሠራውንና የማይሠራውን ለይ። የማይሠራው ኮምፒውተር ዋጋ ሳይሰጠው የማስወገጃ ዝርዝር ውስጥ ይግባ፣ የሞዴል 19 ጥያቄም በዚያ ይመለሳል። ዋጋው በሁለተኛው ዙር፣ መሐንዲስ ሲመደብ።

ፎርሙ ላይ "የዋጋው መሠረት" የሚል ዓምድ አለ?

የቱሉዲምቱ ሒሳብ

የለም ጋሼ። "ዋጋ በብር" ይላል፣ ከዚያ ፊርማ ነው።

ጋሽ ሌጀር

ጨምርበት። ሰነድ ካለ የሰነዱን ቁጥር፣ ግምት ከሆነ የገማቹን ስምና ቀን፣ ከሌለ "አልተገመተም" ብለህ ጻፍ። ባዶ አትተወው፤ ባዶ ቦታ ሌላ ሰው ይሞላዋል።

የካ አባዶ

ይሄ ዓምድ ወርቅ ነው። እኛ ጋ ኦዲተሩ መጀመሪያ የጠየቀን እሱን ነበር። የተጠቀምንበትን ኤክሴል ስሞቹን አጥፍቼ ቴሌግራም ግሩፑ ላይ እለጥፈዋለሁ፣ ለትምህርት ቤት እንዲሆን አድርገህ አስተካክለው። ጣሪያ፣ ግድግዳና ኤሌክትሪክ መስመር የተለያየ ዕድሜ ስላላቸው ለየብቻ መስመር ስጣቸው።

የቱሉዲምቱ ሒሳብ

ተባረኩ። ሰኞ ከንብረት ክፍሏ ጋር ከመጀመሪያው ትምህርት ቤት እንጀምራለን። ለጤና ጣቢያውም ደብዳቤ አርቅቄያለሁ፣ ኃላፊው ከፈረመልኝ። ጋሼ፣ የመዋጮውን ትምህርት ቤት በተመለከተ የድሮ ሰነድ የት ልፈልግ? የቀበሌው ጽሕፈት ቤት ከፈረሰ ቆይቷል።

ጋሽ ሌጀር

የቀበሌው ወረቀት ሲፈርስ ወደ ወረዳ ወይ ወደ ክፍለ ከተማ ማህደር ነው የሚሄደው። የመዋጮ ደረሰኝ ግልባጭ በጥራዝ ታስሮ ሊገኝ ይችላል። ካጣህ የትምህርት ቤቱን የቀድሞ ርዕሰ መምህር ፈልግ፤ የወላጅ ኮሚቴ ቃለ ጉባኤ እነሱ ጋ አይጠፋም። ብሩን ባታገኝ እንኳ የተሠራበትን ዓመት ታገኛለህ፤ መሐንዲሱ እርጅናውን የሚቀንሰው በዓመቱ ነው።

የቱሉዲምቱ ሒሳብ

ርዕሰ መምህሩ አቃቂ እንዳሉ ሰምቻለሁ። ቅዳሜ እሄዳለሁ፣ ያገኘሁትን እዚሁ እጽፋለሁ።